ከለገጣፎ ሆኖ ሩቅ ጋላክሲ ፎቶ ማንሳት፦ ቴሌስኮፕ ልግዛ ወይስ ልከራይ?

ለገጣፎ_ማዶ · ጥቅምት 12፣ ምሽት 3፡40

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብዬ የማነብ ነኝ፤ ዛሬ ግን ምክር ፍለጋ መጥቻለሁ።

የምኖረው ለገጣፎ ነው። ቤት ስንሠራ በስተምሥራቅ ያለው ሁሉ የጤፍ ማሳ ስለነበር፣ ከመስከረም በኋላ ሰማዩ ፍንትው ብሎ ይታይ ነበር። አሁን ማሳው ሰፈር ሆኗል፤ ሰፈሩም አጥር ላይ የሚሰቀል ነጭ አምፖል ይወዳል። በስተምዕራብ ደግሞ የአዲስ አበባ ብርሃን ከአድማሱ ተነሥቶ ግማሽ ሰማይ ድረስ ይደርሳል። ጨረቃንና ሳተርንን በጓደኛዬ ትንሽ ቴሌስኮፕ አይቻለሁ፤ ልቤ ያለው ግን ጋላክሲዎቹ ዘንድ ነው።

ያጠራቀምሁት ገንዘብ አለ። አንዱ ወዳጄ «መካከለኛ ቴሌስኮፕና ካሜራ አስመጣ» ይለኛል፤ ሌላው «ቺሊ ወይም አውስትራሊያ ያለ ቴሌስኮፕ በኢንተርኔት በሰዓት ተከራይ» ይላል። ሁለተኛው በደንብ አልገባኝም። መብራት ቢጠፋስ? መስመሩ ቢቋረጥስ? ደግሞስ እኔ ለገጣፎ ቁጭ ብዬ ሌላ አገር ያለ መሣሪያ ያነሳው ፎቶ የእኔ ይባላል ወይ?

ጨለማ_ፈላጊ · ጥቅምት 12፣ ምሽት 4፡25

ወንድሜ፣ ለጋላክሲ ከሆነ ሳታመነታ ተከራይ።

ጨረቃና ሳተርን ደማቅ ስለሆኑ ከመርካቶ መሐል እንኳ ይነሣሉ። የጋላክሲ ብርሃን ግን ደካማና የተበተነ ነው። ከተማ ዳር ሆነህ ስታነሳ ካሜራው የሚሰበስበው አብዛኛው ብርሃን ከመንገድ መብራት ወጥቶ አየሩ ላይ የተበተነው ነው። ኔቡላ (በጠፈር ያለ የጋዝ ደመና) ብታነሳ የሃይድሮጅንን ቀይ ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ ጠባብ ማጣሪያ ገጥመህ ታመልጥ ነበር። የጋላክሲ ብርሃን የብዙ ቢሊዮን ከዋክብት ድምር ስለሆነ በሁሉም ቀለም ተሠራጭቷል፤ ማጣሪያው የከተማውን ሲያግድ የጋላክሲውንም ያግድብሃል። መድኃኒቱ ጨለማ ቦታ ብቻ ነው፤ ጨለማ ደግሞ ጉምሩክ አስከፍሎ የሚገባ ዕቃ አይደለም።

ክረምቱንም አስብ። ከሰኔ እስከ መስከረም የእኛ ሰማይ ዝግ ነው። ብዙ ገንዘብ የወጣበት ሌንስ በዚያ እርጥበት ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ሻጋታ ሲያወጣ ማየት ደስ አይልም።

ስለ መብራቱ አትጨነቅ። መሣሪያውን እጅ በእጅ አትነዳውም። ዕቅድ ትጽፋለህ፦ የትኛው ጋላክሲ፣ በየትኛው ማጣሪያ፣ ስንት ፎቶ፣ እያንዳንዱ ስንት ሴኮንድ። ዕቅዱ እዚያው ጣቢያው ያለ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል። ሰዓቱ ሲደርስ ጣሪያው ይከፈታል፣ ቴሌስኮፑ ይዞራል፣ ትኩረቱን አስተካክሎ ያነሳል። ደመና ከመጣ ያቆማል። ለገጣፎ መብራት መጥፋቱን ግን ጨርሶ አያውቅም። ፋይሉን መስመር ሲመለስ ታወርዳለህ።

የሱሉልታ_ልጅ · ጥቅምት 13፣ ጠዋት 1፡50

አንድ ብር ሳታወጣ መጀመር ትችላለህ። የሃርቫርድና የስሚዝሶኒያን የአስትሮፊዚክስ ማዕከል «ማይክሮኦብዘርቫቶሪ» የሚባል አገልግሎት አለው፤ አሪዞና ውስጥ ያሉ ትንንሽ፣ 6 ኢንች መስታወት ያላቸው ቴሌስኮፖች ናቸው። ከዝርዝሩ መርጠህ ትጠይቃለህ፤ ፎቶው በኢሜይል ይመጣል። እኔ ተማሪ ነኝ፣ ኪሴም የተማሪ ነው፤ አንድሮሜዳና ኤም 51 የተባሉትን ጋላክሲዎች ያነሣሁት በዚህ ነው። ፎቶው ትንሽና ሸካራ ነው፤ ነገር ግን የሚላከው ጥሬ የሳይንስ ፋይል ስለሆነ አሠራሩን ያስተምራል።

ከሱሉልታ ሆኜ የማየውንም ልንገርህ። የእንጦጦ ተራራ ከእኛና ከከተማው መካከል ስለቆመ አምፖሉን በቀጥታ አናይም፤ ከተራራው ጀርባ የሚነሣው የብርሃን ጉም ግን ደቡቡን በሙሉ ወስዶብናል። ሰሜኑ አሁንም ደህና ነው። አንድሮሜዳ በኅዳር ማታ በሰሜን በኩል ከፍ ብላ በባዶ ዓይን ትታያለች፤ የት እንዳለች ለሚያውቅ ሰው ማለቴ ነው።

ጥርጣሬ · ጥቅምት 13፣ ቀን 6፡15

ማንም የማይለውን ልበል። የሐብል የጠፈር ቴሌስኮፕ ያነሳቸው ፎቶዎች ጥሬ ፋይላቸው ሳይቀር ለሁሉም ክፍት ነው፤ በነጻ ይወርዳል። እናንተ ከምትከራዩት ቴሌስኮፕ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ታዲያ ዶላር በማይገኝበት አገር ዶላር ከፍሎ የባሰ ፎቶ ማንሣት ምን የሚሉት ጥበብ ነው? ቴሌስኮፑ የሌላ፣ ሰማዩ የሌላ፣ ካሜራው የሌላ። የእናንተ የሆነው ደረሰኙ ብቻ ነው።

የፊዚክስ_መምህር · ጥቅምት 13፣ ምሽት 1፡30

ልጆቼ፣ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ስለሆንሁ ጊዜ አለኝ፤ ትንሽ ልለፍልፍ።

ሐብል ከተነሣ አይቀር ሰውየውን እናንሣ። ኤድዊን ሐብል እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1923 በዊልሰን ተራራ የአንድሮሜዳን ፎቶ በመስታወት ሰሌዳ ላይ አነሣ። አንድ ነጥብ አይቶ መጀመሪያ ኖቫ (ድንገት የሚደምቅ ኮከብ) መሰለውና «ኤን» ብሎ ጻፈበት። ከቀደሙት ሰሌዳዎች ጋር ሲያስተያየው ብርሃኑ ከፍ ዝቅ የሚል ኮከብ ሆኖ አገኘው፤ «ኤን»ን ሰርዞ «ቫር!» ብሎ በቃለ አጋኖ ጻፈ። በዚያች ኮከብ ነው አንድሮሜዳ ከእኛ ጋላክሲ ውጭ መሆኗ የተለካው። ፎቶውን ያነሣበት ባለ 100 ኢንች ቴሌስኮፕ የሐብል አልነበረም፤ የመስታወቱን ወጪ የቻለው ሁከር የሚባል ባለሀብት ነው። ኋላ ከሐብል ጋር የሩቅ ጋላክሲዎችን ፍጥነት የለካው ሚልተን ሂዩማሰን ደግሞ መጀመሪያ ወደዚያ ተራራ ዕቃ የሚያመላልሱ በቅሎዎች ነጂ፣ ቀጥሎም የጽዳት ሠራተኛ ነበር። መሣሪያው የማን ነው ብሎ የጠየቀ የለም።

ስለ ገንዘቡ ግን ጥርጣሬ ያልከው እውነት አለው። ለገጣፎ_ማዶ፣ ከሁሉ በፊት 10 በ50 የሆነ (10 እጥፍ የሚያቀርብ፣ ባለ 50 ሚሊሜትር ሌንስ) ባይኖኩላር ግዛ። ሰማዩን ሳያውቁ ቴሌስኮፕ መከራየት ገበያ ሳያዩ እንደመግዛት ነው።

ጥርጣሬ · ጥቅምት 13፣ ምሽት 2፡05

መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ሐብል ቢያንስ ተራራው ላይ ወጥቶ በብርድ ሲንቀጠቀጥ አድሯል። እነዚህ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነው ቁልፍ ይጫናሉ። እርስዎ ሁለቱን እኩል ያደርጓቸዋል?

የፊዚክስ_መምህር · ጥቅምት 13፣ ምሽት 2፡20

ብርድ ሳይንስ ቢሆን ኖሮ እንጦጦ ሥር ያደግን ሁሉ ፕሮፌሰር በሆንን።

ጨለማ_ፈላጊ · ጥቅምት 13፣ ምሽት 3፡10

መምህር ሳቅ በሳቅ አደረጉን፤ ዕድሜ ይስጥልን።

ጥርጣሬ፣ ቁም ነገሩ ሰማዩ መለዋወጡ ነው። ከማኅደር የምታወርደው ፎቶ የዚያን ቀን ሰማይ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2023 ኮይቺ ኢታጋኪ የተባሉ ጃፓናዊ አማተር በኤም 101 ጋላክሲ ውስጥ የፈነዳ ኮከብ (ሱፐርኖቫ) አገኙ፤ 21 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ። ትልልቆቹ ቴሌስኮፖች በዚያች ሰዓት ሌላ ቦታ ሥራ ላይ ነበሩ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ደግሞ ድሬክስለር፣ ስትሮትነርና ሴንቲ የተባሉ አማተሮች ከአንድሮሜዳ አጠገብ ማንም አይቶት የማያውቅ ትልቅ የኦክስጅን ጋዝ ቅስት ይፋ አደረጉ። አንድሮሜዳ እኮ ከጋላክሲዎች ሁሉ አብዝታ ፎቶ የተነሣች ናት! ቅስቱን ያወጣው የመሣሪያው ግዝፈት ሳይሆን ከ100 ሰዓት በላይ አንድ ቦታ ላይ ማነጣጠራቸው ነው። ማንን ትመርጣለህ፣ ምን ያህል ትታገሣለህ፣ የትኛውን ፍሬም (ነጠላ ፎቶ) ትጥላለህ፤ ይህን ቴሌስኮፑ አይወስንልህም።

ጥርጣሬ · ጥቅምት 13፣ ምሽት 3፡25

ስለ ሱፐርኖቫው እቀበላለሁ። ስለ ደረሰኙ አልቀበልም።

ገመድ_አልባ · ጥቅምት 14፣ ረፋድ 4፡00

ሙያዬ ኔትወርክ ስለሆነ ሁለት ተግባራዊ ነገር ልጨምር።

አንደኛው ሰዓት ነው። ጣቢያዎቹ ዕቅድ የሚቀበሉት በዓለም አቀፉ ሰዓት፣ ማለትም በግሪንዊች ነው። በእኛ አቆጣጠር የምታነበው ቁጥር ላይ 3 ጨምር፣ ደረስህ። ቀን 7 ሰዓት ከሆነ ግሪንዊች 10 ሰዓት ነው። የማታውን ስትቀይር ግን 12ም ጨምር፤ ምሽት 4 ሰዓት 19 ሰዓት ይሆናል። ከዚህ የሚገኘው ደስ የሚል ነገር አለ፦ በጥቅምት መጨረሻ አውስትራሊያ ሳይዲንግ ስፕሪንግ የሚባለው የቴሌስኮፕ ጣቢያ ላይ ሙሉ ጨለማ የሚሆነው በእኛ ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ነው። ሥራ ቦታ ምሳ በልተህ ስትመለስ እዚያ ሌሊት ነው። ስፔን ከፈለግህ ከምሽቱ 4 ሰዓት ጀምሮ፣ ቺሊ ከሆነ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል እስከ ረፋዱ 5። እንቅልፍ ለሚወድ ሰው አውስትራሊያ ይመከራል።

ሁለተኛው የፋይል ክብደት ነው። 4096 በ4096 ነጥብ ያለው ካሜራ በአንድ ፍሬም ከ30 ሜጋባይት በላይ ይወጣዋል። ሠላሳ ፍሬም ካነሣህ ወደ 1 ጊጋባይት ተጠጋህ። ከተቋረጠበት የሚቀጥል የማውረጃ ፕሮግራም ተጠቀም፤ ሌሊት አውርድ።

ለገጣፎ_ማዶ · ጥቅምት 14፣ ምሽት 2፡45

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መምህር፣ ባይኖኩላሩን ከጓደኛዬ ተውሼአለሁ። ክፍያው ነው ያስቸገረኝ፤ ባንክ ሄጄ «ቴሌስኮፕ ልከራይ ነው» ስላቸው ሠራተኛዋ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «የሕክምና ነው?» አለችኝ። በመጨረሻ ውጭ አገር ያለች የአክስቴ ልጅ በካርዷ ልትከፍልልኝ ተስማምታለች፤ ስትመጣ በብር እሰጣታለሁ። አሁን ጥያቄዬ ማንን ላንሣ የሚል ነው። አንድሮሜዳን አስቤ ነበር።

ጨለማ_ፈላጊ · ጥቅምት 14፣ ምሽት 3፡30

ከአውስትራሊያ አንድሮሜዳን አታንሣ፤ እዚያ ከአድማስ 18 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው ከፍ የምትለው፤ ወፍራም አየር ውስጥ ትጠልቅብሃለች። እርሷን ከስፔን፣ ያውም በአጭር ቴሌስኮፕ። ስፋቷ 3 ዲግሪ ያህል ነው፤ ስድስት ሙሉ ጨረቃ ጎን ለጎን ቢደረደር ማለት ነው። ብዙ ሰው ትልቁን ቴሌስኮፕ በውድ ተከራይቶ የሚያገኘው እምብርቷን ብቻ ነው።

ለአንተ የምመክርህ ኤንጂሲ 253ን ነው፤ በስኩልፕተር ኅብረ ከዋክብት ያለችውን ጋላክሲ። ካሮላይን ኸርሸል እ.ኤ.አ. በ1783 ያገኘቻት ናት። 11 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ትርቃለች፤ ርዝመቷ ከሙሉ ጨረቃ ትንሽ ያንሳል፤ ስለዚህ በመካከለኛ ቴሌስኮፕ ልክክ ብላ ትገባለች። በዚህ ሰሞን በእኛ 9 ሰዓት ገደማ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እዚያ ልክ አናት ላይ ትሆናለች። አናት ላይ ያለ ነገር ከሁሉ ያነሰ አየር ነው የሚያልፈው።

ዕቅዱን እንዲህ ጻፈው፦ ያለ ቀለም ማጣሪያው፣ ማለትም በሉሚናንስ፣ ባለ 300 ሴኮንድ 24 ፍሬም፤ ከዚያ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ እያንዳንዳቸው 6። ዝርዝሩ የሚመጣው ከሉሚናንስ ነው፤ ቀለሙ ቢያንስም ይበቃዋል። ጨረቃ ስትሞላ ቅናሽ የሚያደርጉ አሉ፤ ለጋላክሲ ግን ቅናሹ አያታልህ።

ለመጋቢትና ሚያዝያ ደግሞ ሴንታውረስ ኤ፣ ኤም 83 እና ሶምብሬሮ የተባሉትን ጋላክሲዎች ያዝ። ሶምብሬሮ ለእኛም ሰማይ ከፍ ብላ የምታልፍ ናት።

የሱሉልታ_ልጅ · ጥቅምት 14፣ ምሽት 3፡55

11 ሚሊዮን ዓመት! ብርሃኑ ሲነሣ ድንቅነሽ ልትወለድ ገና ወደ 8 ሚሊዮን ዓመት ይቀራታል። የአንድሮሜዳ 2.5 ሚሊዮን ደግሞ አፋር ጎና ላይ የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች ከተጠረቡበት ዘመን ብዙም አይርቅም። እኔ ይህን ሳስብ ነው የፊዚክስ ፈተናዬን የምረሳው።

ለገጣፎ_ማዶ · ጥቅምት 24፣ ምሽት 4፡50

ተነሥታለች! ዕቅዱ ሲጀምር ሚኒባስ ውስጥ ነበርሁ፤ ስልኬ ላይ «ጣሪያው ተከፍቷል» የሚል መልእክት ሲመጣ መገናኛ ሰልፍ ላይ ነበርን። ስንት ሰው መሐል ቆሜ ብቻዬን ስስቅ ታየሁ።

ማታ ፋይሉን አውርጄ ሲሪል በሚባል የሰማይ ፎቶ ማቀነባበሪያ ፕሮግራም ከፈትሁት። ጥቁር። ከጥቂት ነጭ ነጥቦች በቀር ምንም የለም። ሂስቶግራሙን (የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየውን ግራፍ) ሳይ መረጃው በሙሉ ግራ ጥግ ላይ በቀጭኑ ተጠባብቆ ቆሟል። የመካከለኛውን ማንሸራተቻ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ግራ ስገፋው መጀመሪያ እምብርቱ ወጣ፤ ቀጥሎ በሁለቱ በኩል ክንዶቹ እየረዘሙ ሄዱ፤ ከዚያ በላያቸው ላይ የተጠላለፉ ጥቁር የአቧራ ጅማቶች። አንዱን ጅማት አጉልቼ ስከተለው ዳር ሳይደርስ ሁለት ቦታ ይከፈላል። እናቴን ጠርቼ አሳየኋት፤ «ይህ መስመርስ?» አለችኝ። ከጋላክሲው በላይ ፍሬሙን ከዳር እስከ ዳር የሚቆርጥ ቀጥ ያለ ነጭ መስመር አለ። ፎቶው ተበላሸ ማለት ነው?

ጨለማ_ፈላጊ · ጥቅምት 24፣ ምሽት 5፡10

እንኳን ደስ አለህ! መስመሩ ሳተላይት ነው፤ አልተበላሸም። 24 ፍሬም አለህ፤ ሳተላይቱ በዚያ ነጥብ ያለፈው በአንዱ ብቻ ነው። ስትደራርባቸው ሲሪል እያንዳንዱን ነጥብ ከሌሎቹ ፍሬሞች ጋር ያስተያይና በጣም ያፈነገጠውን ይጥለዋል። መደራረብ ሌላም ጥቅም አለው፦ ፍሬሙን አራት እጥፍ ስታደርገው ሸካራነቱ በግማሽ ይቀንሳል። ወደ ሩብ ለማውረድ ግን አሥራ ስድስት እጥፍ ያስፈልጋል፤ ኪስ የሚያራቁተው ይህ ነው።

ቅደም ተከተሉን ጠብቅ። መጀመሪያ ደራርብ፤ ቀጥሎ ከበስተጀርባው ያልተስተካከለውን ብርሃን አንሣ፤ ከዚያ ቀለሙን በከዋክብት መዝገብ አስተካክል፤ ደብዛዛውን ማድመቅ የመጨረሻው ነው። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፦ ፎቶ «የሚያጠሩ» የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞችን በልክ ተጠቀም። አንዳንዶቹ የሌለ የአቧራ ጅማት ይፈጥራሉ። የሌለ ነገር ለማየት አውስትራሊያ ድረስ መሄድ አያስፈልግም ነበር።

ጥርጣሬ · ጥቅምት 25፣ ረፋድ 3፡20

ጥሬ ፋይሎቹን ለሁላችንም ልታካፍለን ትችላለህ? ከማኅደር ፎቶ ጋር አስተያይቼ አዲስ ኮከብ ካለ ልፈልግ። ደስ አይበላችሁ፤ ሐሳቤን አልለወጥሁም።

ጥርጣሬ · ጥቅምት 26፣ ምሽት 1፡15

ከእምብርቱ በስተግራ፣ በማኅደሩ ፎቶ ላይ የሌለ ደማቅ ነጥብ አገኘሁ! ፍሬም 17 ላይ ነው። የት ነው የሚመዘገበው?

የፊዚክስ_መምህር · ጥቅምት 26፣ ምሽት 1፡40

ጎበዝ። ከማስመዝገብህ በፊት ግን 16ንና 18ን ተመልከት። እዚያም አለ?

ጥርጣሬ · ጥቅምት 26፣ ምሽት 1፡52

የለም።

የፊዚክስ_መምህር · ጥቅምት 26፣ ምሽት 2፡00

እንግዲያው የኮስሚክ ጨረር ቅንጣት ነው፤ የካሜራውን ቺፕ መትቶ አልፏል። ኮከብ በአምስት ደቂቃ ፈንድቶ በአምስት ደቂቃ አይጠፋም፤ አጠገቡ ያሉትም ከዋክብት ደብዘዝ ያለ ጠርዝ ሲኖራቸው ያኛው እንደ ምላጭ የተቆረጠ ጠርዝ አለው። አጉልተህ እይ። ሁሉንም ፍሬም መፈተሽህ ግን ትክክለኛ ሥራ ነው፤ ቀጥልበት።

ገመድ_አልባ · ጥቅምት 26፣ ምሽት 3፡30

አንድ ሐሳብ አለኝ፤ ለምን እቁብ አንጥልም? በየወሩ ሁላችንም እናዋጣለን፣ ዕጣ የወጣለት ሰው ጋላክሲውን ይመርጣል፣ ጥሬ ፋይሉ ለሁሉም ይሰጣል። የአገልግሎቱ ውል አንድን መለያ መጋራት ላይፈቅድ ስለሚችል ባለ ዕጣው በራሱ መለያ ያንሣ።

የሱሉልታ_ልጅ · ጥቅምት 26፣ ምሽት 3፡45

የተማሪ መዋጮ ግማሽ ይሁንልኝ እንጂ አለሁ። ዕጣው ለእኔ ከወጣ ታላቁን የማጄላን ደመና ነው የምመርጠው።

የፊዚክስ_መምህር · ጥቅምት 26፣ ምሽት 4፡05

ለማጄላን ዕጣሽን አታባክኚ፣ ልጄ። ከአውሮፓ የማይታይ ጋላክሲ ከእኛ አገር በባዶ ዓይን ይታያል፤ 160 ሺህ የብርሃን ዓመት ገደማ ብቻ ስለሚርቅ። በታኅሣሥ እኩለ ሌሊት ላይ በደቡብ አድማስ 12 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። ችግሩ ከሱሉልታ ስታዪ ከተማው ልክ ፊቱ ላይ መቆሙ ነው። ዓለም ገናን አልፈን በቡታጅራ መንገድ እስከ ጢያ ድረስ ብንወርድ ከተማው ከኋላችን ይቀራል። ጨረቃ የሌለችበትን ቅዳሜ እኔ እመርጣለሁ፤ መኪና ያለው ይናገር።

ጥርጣሬ · ጥቅምት 26፣ ምሽት 4፡12

መኪና አለኝ። አራት ሰው ይይዛል፤ ነዳጁን ግን እናዋጣለን፣ ደረሰኝም እሰጣለሁ።

ለገጣፎ_ማዶ · ጥቅምት 26፣ ምሽት 4፡30

እኔ አንድ ቦታ ያዝሁ። እቁቡንም የምጽፈው እኔ ልሁን፤ መዋጮው ስንት እንዲሆን እንደምትፈልጉ እስከ እሑድ እዚሁ ጻፉልኝ።